የአያት ጠመንጃ ሰደፍ ይቀባ ወይስ ይታጠብ?

አዳማ ውስጥ አንዱ አናፂ ቤት ገብታችሁ «ይቺን እንጨት አድስልኝ» ብትሉ የሚሆነው የታወቀ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። እንጨቱ እስኪነጣ ይፈገፈጋል። ሲለር ይነፋበታል፣ ቫርኒሽ ይደረብበታል፣ ከዚያ «ነገ ኑና ውሰዱ» ትባላላችሁ። ለቁም ሳጥን ሸጋ ሥራ ነው። ለአልጋም እንደዚሁ። ከአያት ለወረደ ጠመንጃ ግን ይህ ጥፋት ነው። እንጨቱ ያብለጨልጫል፤ ዕድሜው ግን ከብናኙ ጋር ተጠርጎ ደጅ ተጥሏል።

የምለው ነገር አንድ ነው። አብዛኛው አሮጌ ሰደፍ የሚፈልገው መታጠብና ትንሽ ዘይት ነው። ማቅለም የመጨረሻ አማራጭ ነው። መፈግፈግ ደግሞ ከእሱም በኋላ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት እንጨቱ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ዘይትስ እንጨት ላይ እንዴት እንደሚደርቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ብቻ አይደለም። ከኋላ ጀምሮ በርሜሉን እስከሚያቅፈው ድረስ ያለውን እንጨት በሙሉ ነው።

ወደ እንጨቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አሮጌ ነው፣ የአያቴ ነው ማለት አያድንም። ስለዚህ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ባጃጅ ላይ እንዳትወጡ። ፈቃዱ ይኑራችሁ፣ ሥራውም ቤት ውስጥ ይለቅ። ከመፍታታችሁ በፊት ጥይት እንደሌለበት በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። «ባዶ ነው» ተብሎ የተሰጣችሁም ቢሆን።

አሁን ወደ እንጨቱ።

እኛ ሀገር የሚገኙት አሮጌ ጠመንጃዎች የመጡት ከየአቅጣጫው ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቤልጅየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ የተገዛው ማውዘር አለ፤ ቤልጅግ የምንለው። ከጣሊያን ጦር የተማረከው ካርካኖ አለ። ከእንግሊዝ ጋር የገባው ሊ ኤንፊልድ አለ። ቃኘው ሻለቃ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካ ኤም ዋን ጋራንድም አለ። የእነዚህ ሁሉ ምርጥ ሰደፍ የሚሠራው ከዋልነት ነው። ዋልነት ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። ጦርነት ሲበረታና ዋልነት ሲያጥር ግን ፋብሪካዎቹ ወደ ቢችና ወደ በርች ዞረዋል። የሩሲያው ሞሲን ናጋንት ደግሞ በአብዛኛው በርች ነው።

ልዩነቱን መለየት ይቻላል። ዋልነት ላይ አጫጭር ጥቁር ጭረት የሚመስሉ ክፍት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቡናማነቱም እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ቢች ቀላ ያለ ነጣ ያለ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለው። በርች ነጭ ነው፣ ቀዳዳውም አይታይም። ሰደፉ አንድ ጊዜ ተሰብሮ እዚህ ሀገር በዋንዛ የተተካ ሊሆንም ይችላል። እሱን አናፂዎቻችን በጠረኑ ያውቁታል።

አንድ ጊዜ አዳማ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ አናፂ ዘንድ የዋልነት ሰደፍ ፎቶ በስልክ አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ ይህን በስንት ያድሱልኛል?» አልኳቸው። ስልኩን ወደ ብርሃን አዞሩት። ፎቶውን በሁለት ጣት ጎትተው አሰፉት። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ዋንዛ ነው» አሉኝ። «ይሄ የሰው ሀገር እንጨት ነው። ላዩ ላይ ያለውን ካነሳሁት ደግሞ መልሼ ላስቀምጥልህ አልችልም።» ብዙ ጠመንጃ ያበላሹ ሰዎች የሳቱትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ላዩ ላይ ያለው ምንድነው? የጥንት የጦር ሰደፍ ላይ ቫርኒሽ ማግኘት ብርቅ ነው። እንግሊዞቹ የተልባ ዘይት ያጠጡት ነበር። አሜሪካኖቹ የተልባ ወይም የታንግ (ከአንድ የቻይና ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ) ዘይት ተጠቅመዋል። ሩሲያውያን ሼላክ ቀብተዋል። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በአልኮል ይሟሟል። የእናንተን ለማወቅ ከሰደፉ ጫፍ ያለውን ብረት ፈትታችሁ በተሸፈነው በኩል ሞክሩ። ጥጥ አልኮል ነክራችሁ አንድ ቦታ ላይ ያዙት። ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ ነው። አልኮል ምንም ካላደረገው በቲነር ሞክሩ። በቲነር ከሟሟ አንድ ሰው በኋላ ላከር ነፍቶበታል ማለት ነው። በሁለቱም ካልተነካ ዘይት ነው፣ ወይ ደግሞ የጠነከረ ቫርኒሽ። ቫርኒሹን ጥፍር ያሳብቃል፦ ጠርዙ ላይ ስትጭሩት ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። ዘይት ቅርፊት የለውም፣ እንጨቱ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ዘይቱን እናብራራ፣ የነገሩ እምብርት እሱ ነውና።

ዘይት ደረቀ ሲባል እንደ ውሃ ተነነ ማለት አይደለም። የተልባ ዘይት አየር ላይ ሲሰጣ ኦክስጅን ይስባል። ከዚያ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ፤ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ጠጣርነት ይለወጣል። እንዲያውም ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፤ አንዳንዴም ከግማሽ ይበልጣል።

የቤታችን ሌሎች ዘይቶች እንዲህ አይደሉም። ኑግ ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ስሙ ይቀራረባል፣ ሥራው ግን ይዘገያል። ኑግ የተቀባ እንጨት ከርሞም እጅ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የረጋው ዘይት፣ ማለትም ፓልም፣ ጭራሽ አይደርቅም። ቅቤም አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ ጉንዳን ይጠራል። የሞተር ዘይትና የጠመንጃ ዘይት ደግሞ የባሱ ናቸው። ከማዕድን የሚወጡ ስለሆኑ መቼም አይደርቁም፤ እንጨቱን እያለሰለሱ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ብዙ አሮጌ ሰደፍ አንገቱ (እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ) ላይና ብረቱ በሚቀመጥበት ጥግ ጠቁሮ የሚታየው በዚህ ነው። ሰው ያንን ጥቁረት ሲያይ ቀለም ይመስለዋል። ዓመታት ያጠራቀሙት የብረት ዘይት፣ ላብና አቧራ ነው።

የሚገርመው ለሰደፍ የሚሆነው ዘይት ጥሬው እዚሁ አጠገባችን መኖሩ ነው። የአርሲ ተልባ አዳማ ገበያ በኩንታል ይራገፋል። በቀዝቃዛ የተጨመቀ ንፁህ የተልባ ዘይት ካገኛችሁ ለሰደፍ ይሆናል። ጥቂት ቀን አስቀምጣችሁ ዝቃጩን ከሥር ማስቀረት ብቻ ነው። ጥሬ ዘይት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለመድረቅ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ከቀለም መሸጫ በቆርቆሮ የሚገዛው «የፈላ» የሚባለው የተልባ ዘይት ቶሎ የሚደርቀው የኮባልትና የማንጋኒዝ ጨው ስለተጨመረበት ነው። እቤት ድስት ላይ ጥዳችሁ ብታፈሉት ያ አይገኝም፤ የሚገኘው ቃጠሎ ነው። በቆርቆሮ የመጣውን ደግሞ ለምግብ አታድርጉት።

ስለ ቃጠሎ ካነሳን አይቀር፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ኦክስጅን መሳብ ሙቀት ያወጣል። ቀጭን ሆኖ እንጨት ላይ የተቀባ ዘይት ሙቀቱን ለአየር ስለሚለቅ አያሳስብም። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ሲጣል ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ውስጥ ውስጡን እየጋለ ይሄዳል። ከሰዓታት በኋላ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። የካቲት 23 ቀን 1991 (እ.ኤ.አ.) ፊላዴልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች በተዉት የተልባ ዘይት ጨርቅ ነው። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተውበታል። ፊላዴልፊያ ያን ወቅት ብርድ ነበር። የአዳማን የግንቦት ፀሐይ ጨምሩበትና አስቡት። ጨርቁን ከጨረሳችሁ በኋላ ዘርግታችሁ ለየብቻ ስቀሉት፤ ወይም ውሃ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ቅርጫት ውስጥ መወርወር የለም።

ወደ ማጠቡ እንመለስ። አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛው) የነካ ጨርቅ ይበቃል። ከእንጨቱ መስመር ጋር እየሄዳችሁ ቀስ ብላችሁ አብሱ። ጨርቁ ቡና ሲመስል ቀይሩት። የድሮው የተልባ ዘይት አንዴ ከደረቀ በአኳራጅ አይሟሟም፤ ስለዚህ ቆሻሻው ይሄዳል፣ ሽፋኑ ይቀራል። ሼላክ ያለበትንም አኳራጅ አይጎዳውም። የሚገርመው ለብዙ ሰደፍ ሥራው እዚህ ላይ ማለቁ ነው። ጥቁር የመሰለው እንጨት ሥሩ ቀይ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ያንን ቀለም ማንም በቆርቆሮ አይሸጥላችሁም። ዘይቱ በዕድሜ ቀልቶ፣ የእጅ ላብ ገብቶበት፣ ብርሃን ነክቶት የመጣ ነው። ሳሙናና ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ። ውሃ እንጨቱን ያሳብጣል። ኮስቲክ ሶዳማ ጭራሽ አታስጠጉ፤ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ክሩንም (ቃጫውን) ይበላዋል።

አንገቱ ላይ የሰረገ የብረት ዘይት በጨርቅ አይወጣም። ለእሱ ጠመኔ አለ። ጠመኔውን ፈጭታችሁ በአኳራጅ እንደ ገንፎ ለውሱትና የጠቆረው ቦታ ላይ በወፍራሙ ምረጉት። ፀሐይ የሚነካው ቦታ አስቀምጡት። ፈሳሹ ሲተን ዘይቱን ከእንጨቱ እየሳበ ወደ ጠመኔው ያመጣዋል። ነጩ ምርግ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ መሐሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ በመጨረሻ ደርቆ ይሰነጠቃል። በደረቅ ብሩሽ ታራግፉታላችሁ። ያልወጣ ካለ ትደግሙታላችሁ። የአዳማ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። እሳት ግን በአካባቢው እንዳይኖር፤ የአኳራጅ ትነት ቀላል ነገር አይደለም።

ጎድጎድ ያለ ቦታስ? የጎደጎደ እንጨት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክሩ ተጨፍልቆ የተኛ ነው። ሌላው ክሩ ተቆርጦ የጎደለ። የተቆረጠው አይመለስም። የተጨፈለቀው ግን በእንፋሎት ይነሳል። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ ጉድጓዱ ላይ አድርጉ። የጋለ ካውያ በጫፉ ጫን አድርጉበት። «ጭሽሽ» ይላል፤ የሞቀ እንጨትና የአሮጌ ዘይት ሽታ ይወጣል። ጨርቁ ከመድረቁ በፊት አንሱት። በጣታችሁ ስትዳብሱት ጉድጓዱ ከቅድሙ ሞላ ብሎ ታገኙታላችሁ። አርሳችሁ ትደግማላችሁ። ማኅተም ያለበት ቦታ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩ። እንፋሎት ጉዳትና ማኅተም አይለይም፤ ሁለቱንም ያነሳል።

ማኅተሙ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጋራንድ ሰደፍ ላይ የመርማሪው ማኅተም እንጨቱ ውስጥ ተመትቶ ይገኛል፤ እጅ የሚጨብጠው ቦታ ላይም ክብ ውስጥ ያለች የ«ፒ» ፊደል አለች፣ የተኩስ ፍተሻ ማለፉን የምትናገር። እንግሊዞቹም ጣሊያኖቹም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ጥልቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ መመላለስ ይበቃዋል፣ አለቀለት። ገዢ ወይም ሰብሳቢ ሰደፍ ሲያነሳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚያየው እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ እንጨቱ ከብረቱ እንደ ጥፍር ውፍረት ከፍ ይላል። ጣታችሁን ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ስታንሸራትቱ ወርዳ ታርፋለች። የተፈገፈገ ሰደፍ ላይ ግን ጣት ከብረቱ ጠርዝ ጋር ትጋጫለች። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሏልና። ይህንን ምንም ቀለም አይሸፍነውም። ውስጠኛው፣ ብረቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳማ ክፍል ሲፈገፈግ ደግሞ መልክ ብቻ አይደለም የሚበላሸው። ብረቱ መቀመጫው ላይ ይላወሳል፤ ኢላማም ይዛባል።

ታዲያ ማቅለም መቼ ነው ተገቢ? አንድ ሰው ቀድሞ ፈግፍጎ፣ ነጭ አድርጎ፣ ቫርኒሽ ደርቦበት ከሆነ። ያኔ የሚጠፋ ታሪክ የለም፣ ጠፍቷል። ወይም የተሰበረ ክፍል በአዲስ እንጨት ተተክቶ ከቀሪው ጋር ማመሳሰል ሲያስፈልግ። ከዚህ ውጪ ዋልነትን ማቅለም ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው። ዋልነት ቀለም አያንሰውም።

ከማቅለም በፊት አንድ ብልሃት አለ። ንፁሁን እንጨት በአኳራጅ አርጥቡት። እስኪደርቅ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች የምታዩት መልክ ዘይት ሲጠጣ የሚኖረውን ይመስላል። ብዙ ሰው «ነጣብኝ» ብሎ ለቀለም የሚሮጠው ደረቁን እንጨት አይቶ ነው። ሲረጥብ አይቶት ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ባላወጣ።

ማቅለሚያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ዱቄት ነው፤ ደቃቅ ባለ ቀለም አፈር ዓይነት ነገር በዘይት ተበጥብጦ። የእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዋልነት ላይ መስመሩን ያጎላል፣ በርች ላይ ግን የሚይዘው ቀዳዳ ስለሌለ ላዩ ላይ ጭቃ መስሎ ይቀራል። ሁለተኛው ሟሟ ቀለም ነው፤ በአልኮል ወይም በውሃ የሚሟሟ። ይህ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ እንጨቱን አይሸፍነውም። ለሰደፍ የምመርጠው ይህን ነው። በውሃ የሚሟሟው የእንጨቱን ፀጉር ያስነሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት፣ ይድረቅ፣ የተነሳውን ፀጉር በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ ነው ቀለሙ።

ቢችና በርች ጠባያቸው ከባድ ነው። አንዱ ቦታ ቀለም ይጠጣሉ፣ አጠገቡ እምቢ ይላሉ። ውጤቱ ዥጉርጉር ነው። መፍትሔው በአልኮል በደንብ የቀጠነ ሼላክ አስቀድሞ መቀባት ነው። ያ ሁሉም ቦታ በእኩል እንዲጠጣ ያደርጋል። የሰደፉ ጫፍ፣ ክሩ ተቆርጦ ያለቀበት በኩል፣ የትኛውም እንጨት ላይ ቢሆን አብዝቶ ይጠጣል፤ እዚያ ጋ ቀለሙን አሳሱት።

ወጪ የማይጠይቅ ሌላ መንገድም አለ። የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀን ዘፍዝፉ። ብረቱ ይሟሟል። ፈሳሹ ታኒን ያለበትን እንጨት ሲነካ ያጠቁረዋል፤ ዓይናችሁ እያየ። ታኒን ያነሰውን እንጨት አስቀድማችሁ በወፍራም ሻይ ብታርሱት ይጠቁራል፤ ሻይ ራሱ ታኒን አለውና። የምትፈልጉት ቡናማ ከሆነ በደንብ በውሃ አቅጥኑት፤ ካልሆነ ከሰል ነው የሚወጣው። ይህን የሞከረ ሰው የሚደነግጠው ፍጥነቱ ነው። ሌላ ቁራጭ እንጨት ላይ፣ ቀጥሎም በርሜሉ በሚሸፍነው ቦይ ውስጥ ሳትሞክሩ ላዩን አትንኩ።

ቀለሙ ዛሬ የምታዩት ሆኖ አይቆይም፣ እሱንም አስቡ። የተልባ ዘይት ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ዋልነት ራሱ በተቃራኒው ፀሐይ ሲነካው ይነጣል፤ ከሌሎች እንጨቶች የሚለይበት ጠባይ ነው። የዘይቱን መጥቆር አስባችሁ ማቅለሚያውን ከምትፈልጉት ትንሽ አሳሱት።

ዘይት መቀባቱ ላይ ትልቁ ጠላት ስስት ማጣት ነው። በዛ ባለ ቁጥር የሚያምር ይመስላል። አያምርም። በወፍራሙ የተቀባ ዘይት ላዩ ቆዳ ይይዛል፣ ሥሩ እርጥብ ይቀራል፣ ይጨማደዳል። የመጀመሪያውን ዙር በአኳራጅ አቅጥኑት፤ ጠልቆ ይገባል። ለሩብ ሰዓት ያህል ይጠጣ፣ ከዚያ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አንዳችም ሳታስቀሩ አብሱት። ቀጣዮቹን ዙሮች በጨርቅ ሳይሆን በመዳፍ ማሸት ይሻላል። መዳፍ ይሞቃል፣ ዘይቱም ይሳሳል። በየዙሩ መካከል ሙሉ ቀን ይለፍ። ፈረንጆቹ «በቀን አንዴ ለሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ለወር፣ በወር አንዴ ለዓመት» የሚሉት የቆየ አባባል አላቸው። እኔ ለሳምንቱና ለወሩ እስማማለሁ፤ ዓመቱን ለጡረተኞች ትቼዋለሁ።

አዳማ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ ነፋስ። ከተማዋ ዳር ያሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው አቧራ እርጥብ ዘይት ላይ ሲያርፍ ሰደፉ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ሥራውን ማለዳ ጀምሩ፣ አብሳችሁ ስትጨርሱ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሉት። መታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፤ ውሃ በሌለበት ቀን ደግሞ የበለጠ፣ እንዲህ ያለ ቀን አዳማ ውስጥ አይጠፋም። ደረቁ አየርና ሙቀቱ ግን ይጠቅማል። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው እርጥበቱ ስለሚያዘገየው ከዙር ዙር ረዘም አድርጎ ይጠብቅ።

ከላይ ሰም ማድረግ የሚፈልግ አለ። ይቻላል። ንፁህ የንብ ሰም ከአኳራጅ ጋር ተለውሶ በስሱ ይቀባል፣ ይወለወላል። ውሃ ይከላከላል። ሲያስፈልግም በቀላሉ ይነሳል፤ ሙዚየሞች የሚመርጡት እንዲህ ያለውን፣ መመለስ የሚቻለውን ነገር ነው። ችግሩ የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ አቧራ ይሰበስባል። ፖሊዩሪቴንን ግን ተዉት። ላስቲክ ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ያልተቀቡት ነገር ነው፤ ሲሰነጠቅም ለማንሳት መከራ ነው።

ስለ ስንጥቅ አጭር ላድርገው። ዘይት የጠጣ እንጨት ኮላ አይዝም። መጀመሪያ በጠመኔው ዘይቱ ይውጣ፣ ከዚያ ኢፖክሲ ይግባ። ምስማር አይመታበትም።

አንገቱ ላይ በጥሬ ቆዳ የተጠቀለለ ሰደፍ ከወረሳችሁ ደግሞ ቆዳውን እንዳትፈቱት። እርጥብ ሆኖ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስንጥቁን ጨምድዶ ይይዛል። ጥበቡ የእኛው ነው። ለማሳመር ብሎ ቆርጦ የሚጥለው ሰው አለ፤ ሰደፉ እጁ ላይ ለሁለት ሲከፈል ነው የሚገባው። ሰብሳቢ ዘንድ ከሄዳችሁ ያ ቆዳ ጉድለት ሳይሆን ጠመንጃው የት እንደኖረ የሚናገር ማስረጃ ነው። የነሐስ ጌጥ ምስማርም፣ ሰደፉ ላይ በጩቤ የተቀረጸ ስምም እንደዚያው። በስቱኮ እንዳትደፍኑት። ቆዳው ከደረቀና ከተሰነጠቀ ትንሽ ሰም ይበቃዋል።

ስትገጣጥሙ የተልባው ዘይት በደንብ መድረቁን አረጋግጡ። አውራ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ አንሱ፤ አሻራ ከቀረ ገና ነው። በካቻቢቴ ብሎኖቹን ስታጠብቁ ከመጠን በላይ አትጨፍልቁ፣ እንጨቱ ይሰምጣል። ብረቱን የጠመንጃ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱት፣ አታንጠባጥቡበት። ከዚያም ቁም ሳጥን ውስጥ ስታቆሙት አፈሙዙን ወደ ታች፣ ሰደፉን ወደ ላይ አድርጉት፤ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉለት። አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ከቆመ የብረቱ ዘይት በወራት ውስጥ ቁልቁል ወርዶ አንገቱ ላይ ይሰርጋል፣ እናንተም ወደ ጠመኔው ትመለሳላችሁ።